የአርዶ ቤት ሲሸጥ

የአርዶ ምግብ ቤት ሊሸጥ ነው የሚለውን ወሬ ኡምሰልማ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድማ ሰማች። መስማቷ አይገርምም፤ ቤቱን ያዘጋችው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጣ ደንበኛውን እንደ ምስር አንድ በአንድ ለቅማ ወስዳለች። ወሬውን ያመጣላት ደላላው ጉሌድ ነው፤ ጅግጅጋ ያደገ፣ አማርኛ የሚያቀላጥፍ፣ በሦስት ቋንቋ የሚዋሽ ሰው።

«የልብሽ ደረሰ» አላት ሻዩን እያማሰለ። «ሴትዮዋ እጅ ሰጠች።»

ኡምሰልማ ስትመኘው የኖረችው ነገር ሲመጣ እርግጠኛ ነህ ወይ እያለች ደጋግማ ጠየቀችው። ሲፈጥራት ጭንቀታም ናት። ደስታ እንኳ በሯን ሲያንኳኳ፣ ከኋላው ማን እንዳለ አጮልቃ ሳታይ አትከፍትም። አሁን ግን አጮልቃ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። ምግብ የምትሸጥበትን ክፍል ያከራያት ሰውዬ ልጁ ከውጭ አገር ሊመለስ ነውና እስከ ረመዳን ልቀቂልኝ ብሏታል። ሐርጌሳ ውስጥ፣ ከዋሄን ገበያ ጀርባ፣ የጭነት መኪና ከሚራገፍበት ፊት ለፊት፣ እንዲህ ያለ በር ሌላ አይገኝም። ከለቀቀች ደንበኛው ይበተናል። ደንበኛው ከተበተነ ደግሞ ልጇ ሪሀና ከትምህርት ቤት ወጥታ እንደ እናቷ የሰው ድስት ልታጥብ ነው። ኡምሰልማ ሌሊት የሚያስነሳት ይህ ሐሳብ ነበር። የአርዶን ቤት ከገዛች ግን ማንም ውጪልኝ አይላትም።

ኡምሰልማና አርዶ የተዋወቁት ጅግጅጋ ነው። አርዶ ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ ሸሽታ የተሰደደች፣ ኡምሰልማ ደግሞ ግንበኛ ባሏን ናስርን ተከትላ ከወሎ የወረደች። ስደተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ አርዶ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስትና እነኡምሰልማን በአንድ የጭነት መኪና ላይ ጭና ሐርጌሳ ገባች። መኪናው ላይ ሳሉ «ድስቶቹ የእኔ ናቸው» አለቻት። «አንቺ ግን ደመወዝ አለሽ።»

ከተማው ያን ጊዜ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ አልነበረውም። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ የመስኮቱ ብረት ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ልጆች ፈንጂ እንዳይረግጡ በነጭ ድንጋይ የታጠረ መሬት ይሻገራሉ። እጅ ያለው ሰው ሁሉ ይገነባ ነበር፤ የሚገነባ ሰው ደግሞ ይርበዋል። አርዶ በላስቲክና በቆርቆሮ ቁራጭ ዳስ ሠርታ ምግብ መሸጥ ጀመረች። ኡምሰልማ ጠዋት ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ ትጋግራለች፣ ቀን ሩዝና የፍየል ሥጋ ትሠራለች። ወር ሲሞላ ደመወዟን በመሐረብ ጠቅልላ ለናስር ትሰጠዋለች። የሠርጓን ቀን ሳይጨምር በሕይወቷ እንደዚያ ኮርታ አታውቅም።

ከዚያ ሁለተኛው ጦርነት መጣ፤ ይህኛው ደግሞ ወንድም ከወንድሙ። ሰዉ እንደገና ሸሸ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። አርዶ ከዓመት በላይ ግማሽ ደመወዝ ብቻ ከፈለች፤ ቀሪውን አላህ ሲያመጣው አለች። ናስርም በዳሱ ቦታ የድንጋይ ቤት እየሠራላት ነበርና እሱም አልተከፈለውም። ኡምሰልማ መቼ ነው የምትከፍለን ብላ በጠየቀችው ቁጥር አላህ ከታጋሾች ጋር ነው ብሎ ይመልስላትና ማንኪያውን ይዞ ይወጣ ነበር፤ የግንበኛ ማንኪያውን ማለት ነው። ጣሪያው ሊመታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትኩሳት ያዘው። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ወንዶቹ ወስደው ቀበሩት። ከስግደቱ በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ የናስር ጓደኛ ኸሊፋ ቆሞ ከሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ሰው፣ ወይም ሟቹ ከሱ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ይናገር ብሎ ጠራ። ሲሚንቶ ሻጩ ትንሽ ነገር አለኝ አለ፤ ኸሊፋ ከፈለለት። ሌላ የተናገረ አልነበረም። ኸሊፋ ይህን ሁሉ ለኡምሰልማ ነገራት። አርዶ በሐዘኑ ቀናት ከጎኗ አልተለየችም፤ በጉን የገዛችው እሷ፣ ያበሰለችውም እሷ። ስለ ቀሪው ደመወዝ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ኡምሰልማ የሐዘን ዒዳዋን ጨርሳ ወደ ሥራ ስትመለስ አንድ ወር ታገሠች፣ ሁለት ወር ታገሠች። በሦስተኛው፣ ቤቱ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ ምነው አባዮ፣ ያ ነገር ምን ደረሰ ብላ ጠየቀቻት። አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው፤ አርዶን ሁልጊዜ የምትጠራት እንደዚያ ነበር።

«ያማ በናስር ጊዜ ያለቀ ነገር ነው» አለች አርዶ፤ ሩዙን ከመጨለፍ እንኳ አላቋረጠችም።

ኡምሰልማ ሁለት ነገር አሰበች። አንድም ናስር ገንዘቡን ተቀብሎ የት እንደጣለው ሳይነግራት ሞቷል፤ አንድም ይህቺ ሴት በሙት ላይ እየዋሸች ነው። የመጀመሪያውን ብትጠይቅ የባሏ ገመና ሊወጣ ነው። የልጇ አባት ከአፈር በታች ሆኖ እንዴት በሰው ፊት ይገለጥ? ደግሞም ነገር ቢኖር በቀብሩ ቀን አይነገርም ነበር? ስለዚህ ሁለተኛውን መረጠች። ማመን የቀለላትን አመነች።

«የሞተ ሰው አይመሰክርማ» አለች፤ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ።

አርዶ ጭልፋውን አስቀመጠች። አልጮኸችም። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ ከቤቴ ውጪልኝ አለቻት።

እንዲህ ነው ኡምሰልማ ከሰው ቅጥር የወጣችው። በማግስቱ ከሀሲና አንድ ድስትና የከሰል ምድጃ ተዋሰች፤ ሀሲና የጅማ ልጅ ናት፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ኡምሰልማ ለተሸካሚዎች ባቄላና ላሆህ መሸጥ ጀመረች። ደመወዝተኛ ሳለች የምትፈራው የወሩን መጨረሻ ነበር። የራሷን ድስት ስትጥድ ዝናቡን፣ የከሰሉን ዋጋ፣ የገዛ ራሷን ጉንፋን መፍራት ጀመረች፤ እሷ ካላበሰለች የሚያበስል የለምና። ድስቱ ሦስት ሲሆን ሀሲናንና ፋይዛ የምትባል ልጅ ቀጠረች፤ በፍርሃቷ ላይ የሁለቱን ሴቶች ጉንፋን ጨመረች። ግን አደገች። ከሰዓት በኋላ፣ ሰሃኑ ከታጠበ ወዲህ፣ ሪያድ የሚባል መምህር ለሐበሻ ሴቶች ፊደል የሚያስተምርበት ቤት መሄድም ጀመረች። ሀሲና፣ በዚህ ዕድሜሽ ዶክተር ልትሆኚ ነው ወይ እያለች ትቀልድባታለች። ኡምሰልማ የፈለገችው ቀላል ነገር ነው፤ የራሷን ጉዳይ ከሰው አፍ መስማት ሰልችቷት ነበር።

በመጨረሻ ክፍል ተከራየች፤ ከአርዶ ቤት ፊት ለፊት። ሌላ ክፍል አልነበረም ወይ? ነበረ። እሷ ግን አርዶ በየጠዋቱ በሯን ስትከፍት እንድታያት ፈለገች። አርዶ ከሱብሂ ስግደት በኋላ ትከፍታለች፤ ኡምሰልማ ከሱብሂ በፊት ከፈተች። አርዶ ሻይ ታስከፍላለች፤ ኡምሰልማ ቁርስ ለበላ ሻይ በነጻ አለች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ተላመዱ፣ በመጨረሻ ረሱ። አንድ ሰው መንገዱን ተሻግሮ በመጣ ቁጥር ኡምሰልማ ለናስር አንድ ድንጋይ የመለሰችለት ይመስላት ነበር።

አሁን እንግዲህ ጉሌድን የገዢውን ስም እንዳያወጣ አስምላ ላከችው። ወርቋ አለ፣ በሁለት ዕቁብ የደረሳት ገንዘብ አለ። ቤቱ ከሚያወጣው ግማሹን በል አለችው። ጉሌድ ራሱ ትንሽ አፍሮ ሄደ። ሦስት ቀን ተመላለሰ። አርዶ ሌላ ገዢ አልነበራትም፤ የከሰረ ምግብ ቤት ማን ይገዛል? በአራተኛው ቀን እሺ አለች፣ ቅዳሜ እንጨርሳለን ብሎ መጣ። ኡምሰልማ በዚያ ቀን ምሳ አልበላ አላት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ የቁርሱ ሰው ከሄደ በኋላ፣ ሀጂ ዲሪር በትራቸውን እያስቀደሙ ገቡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥሉን የሚያበርዱ፣ ድንበሩን የሚያካልሉ። ኡምሰልማ ወንበር ሰጠቻቸው። ሻዩን አልፈልግም አሉ። ሊቆጧት የመጡ መስሏት፣ የምትመልሰውን በልቧ እየደረደረች ቆመች።

ሀጂ ዲሪር ግን አልተቆጡም። በሶማልኛ፣ ልጅ የሚያስጠኑ ያህል ቀስ ብለው ተናገሩ። አርዶ ቤቱን ልትሸጥ ነው። የጋራ ቤት ሲሸጥ ደግሞ፣ ሹፍዓ የሚባል ሕግ አለ፤ ባዕድ ከመግዛቱ በፊት ባለ ድርሻው መጠየቅ አለበት። እኔ ከምስክሮቹ አንዱ ስለሆንኩ ልጠይቅሽ መጣሁ አሉ።

«ማንን ነው የሚጠይቁት?» አለች ኡምሰልማ።

«አንቺን ነዋ። ሲሶው ያንቺ አይደለም? ትገዢዋለሽ ወይስ ለሌላ ይሸጥ ትያለሽ?»

ኡምሰልማ ሶማልኛው የጠፋባት መስሏት በአማርኛ ደግማ እንድትነግራት ወደ ሀሲና ዞረች። ሀሲና አፏን ከፍታ ቆማለች። ስለዚህ በትክክል ሰምታለች ማለት ነው።

ሽማግሌው እሷ የምታውቀውን የሚያስታውሷት መስሏቸው ተረኩላት። በጦርነቱ ዘመን፣ ባሏ፣ አርዶ፣ እሳቸውና ልብስ ሰፊው ዓብዱላሂ አንድ ቀን ከዓስር ስግደት በኋላ ተቀመጡ። አርዶ ገንዘብ የለኝም፣ ካለኝ ላይ ግን ላካፍል አለች። የኡምሰልማ ቀሪ ደመወዝና የናስር የግንብ ሥራ አንድ ላይ ተገመተ፤ የቤቱ ሲሶ ሆነ። ናስር ሁሉንም በሚስቴ ስም ይያዝ አለ። እጅ ተጨባበጡ፣ የውሉ ማሰሪያ ፋቲሓ ተቀራ። ሚስትህ ትምጣና ትስማ ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ ሳቀ። እሷ ጭንቀታም ናት፣ ባለ ንብረት መሆኗን ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጣሪያው ሲያልቅ እነግራታለሁ አለ።

ጣሪያው ሳያልቅ ሞተ።

ኡምሰልማ ወንበር ፈለገች። አንዱን ሳበችና ሳትቀመጥበት ያዘችው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። «ቀብሩ ላይ ተጠርቶ የለም ወይ?»

ሀጂ ዲሪር በእውነት ተገረሙ። «የተጠራው ዕዳ ነው። ዕዳ ቢሆንማ እንናገር ነበር። ድርሻ ዕዳ አይደለም፣ ልጄ፤ ቆሞ የሚታይ ቤት ነው። ባል ለሚስቱ እነግራታለሁ ያለውን ነገር ደግሞ ሌላ ወንድ ደጇ ሄዶ አይደግምላትም፤ ሲታመም የነገረሽ መስሎን ነበር።»

«እንዲህ ስንጣላስ? ሁለት ዓመት?»

ሽማግሌው መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉ። «ገርሞን ነበር» አሉ። «ሴትዮዋ የገዛ ቤቷን ለምን ታዘጋለች ብለን ተነጋግረናል። ዓብዱላሂ፣ ሐበሾች ሲናደዱ እንዲህ ናቸው አለ። ተውነው።»

መልሱን ሳይሰሙ እስከ ቀትሩ የዙሁር ስግደት አስቢበት አሏትና ወጡ። ኡምሰልማ ከበሩ ቆማ ማዶ ያለውን ግድግዳ አየችው። ሁለት ዓመት በየቀኑ ያየችው ግድግዳ ነው። ነጻውን ሻይ አሰበች። ከሱብሂ በፊት የነቃችባቸውን ቀኖች አሰበች። ሾፌሮቹ መንገዱን ሲሻገሩ የሳቀችውን ሳቅ አሰበች፤ የእያንዳንዱ ሳቅ ሲሶ በራሷ ላይ ነበር። ጉሌድ ሦስት ቀን ተመላልሶ ዋጋ የሰበረው የማንን ንብረት ነው? ናስር የጣለው ድንጋይ ሁሉ ለእሷ የተጣለ ነበር፤ እሷ ደግሞ በባቄላ አፈረሰችው። የምታለቅስ መስሏት ጠበቀች፤ እንባ አልመጣም። ድንጋጤው ለእንባ ቦታ አልተወም።

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች።

አርዶ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ወንበር ታጸዳ ነበር፤ ለገዢ አምሮ እንዲታይ። ቀና ብላ አየቻትና መጥረጓን ቀጠለች።

«ገዢው ማን እንደሆነ ጉሌድ አልነገረኝም» አለች። «ግን እንዲህ እየፈራ ዋጋ የሚሰብር ሰው ሐርጌሳ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው።»

«እያወቅሽ ነው ሀጂን የላክሽልኝ?»

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ? ለራሴ ነፍስ ብዬ ነው። ነገ አላህ ፊት ስቆም ሳልጠይቃት ሸጥኩባት አልልም።»

«አላውቅም ነበር» አለች ኡምሰልማ። «ወላሂ አላውቅም ነበር። ናስር አልነገረኝም።»

የአርዶ እጅ ወንበሩ ላይ ቆመ። ሀጂ ዲሪርን ያዩ እንደሆነ፣ ዓብዱላሂን ያዩ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተሸክሞ ኖሯል፤ አርዶ ግን ከሁሉም የከበደውን። ኡምሰልማ ሁሉን እያወቀች የሰደበቻት መስሏት ነበር። ሲሶ ቤት ተቀብላ፣ በሰው ፊት ሌባ አድርጋኛለች፤ ሁለት ሕያው ምስክር እያለኝ ሙት አይመሰክርም አለችኝ ብላ። ምስክሮቹን እስክትጠራ ጠበቀቻት። ሳትጠራ ዓመታት አለፉ። ኩራቷ ደግሞ ከቤቱ ጣሪያ ከፍ ይል ነበር፣ ራሷ እንዳለችው። አሁን ወንበሩን አስቀመጠችና እላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ከውጭ የጭነት መኪና ሲራገፍ ይሰማል።

«ያ ሰውዬ» አለች አርዶ በመጨረሻ፣ «ድንጋይ እንጂ ወሬ ማቆም አይችልም ነበር።»

ኡምሰልማ ቤቱ እንዳይሸጥ ለመነቻት። አርዶ ግን፣ ሁለቱ እጅ የእኔ ነው፣ ደክሞኛል አለች። ድስቶቼን ይዤ ልምጣ፣ ደንበኛው ተከትሎኝ ይመጣል አለች ኡምሰልማ። አርዶ፣ የመጨረሻው ነገሯ ይኸው እንደሆነ እያስታወቀች፣ ያሰበችውን ተናገረች። ድርሻዬን አልሸጥም፣ እዚያው ይቀመጥ፤ ዓመት ሲሞላ ትርፍ ካለ ሁለቱን እጅ አንሺልኝ። ሥራውን ግን አንቺ ያዢው። እኔ ሥጋውን አበስላለሁ።

«ደመወዝ ትከፍይኛለሽ» አለች። «ወር ሲሞላ እጄን ዘርግቼ ልቀበል። የከሰል ዋጋ ጨመረ ሲሉኝ የኔ ጉዳይ አይደለም ልበል። አሥር ዓመት የሰው ሁሉ ምሳ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው የተቀቀለው።»

ኡምሰልማ ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን ጆሮዋን ተጠራጠረች። አርዶ የእሷ ደመወዝተኛ? የጭነት መኪናው ላይ ድስቶቹ የእኔ ናቸው ያለችው አርዶ? በፍርሃት አንድ ዋጋ ተናገረች።

«ሙሉውን ነው የምትከፍይው ወይስ ግማሹን?» አለች አርዶ። ፊቷ ላይ ሳቅም ቁጣም አልነበረም።

«ሙሉውን» አለች ኡምሰልማ። «በየወሩ፣ ሙሉውን።»

ከዙሁር በኋላ ሀጂ ዲሪርና ዓብዱላሂ ተጠርተው መጡ። ወንዶቹ ከወንዶቹ ጋር ሊቀመጡ ሲሉ ኡምሰልማ አይሆንም አለች። ኸሊፋ ስለ እኔ ሆኖ አይስማልኝ፣ ማንም ሄዶ አይንገረኝ፣ እዚሁ ልቀመጥና በጆሮዬ ልስማ አለች። ሪሀናን ከትምህርት ቤት አስጠራቻት፤ ልጅቷ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች መጣች። ሀሲናና ፋይዛም ምድጃውን ትተው መጡ። ጉሌድ ሳይቀር መጥቶ ድለላዬ ቀረ እያለ ከበሩ ሥር ሲነጫነጭ፣ አንተም ቁጭ በልና ስማ አለችው። ዓብዱላሂ ለአንዲት ሲሶ ይህን ያህል ሰው አይቼ አላውቅም አለ። ሀጂ ዲሪር የመጀመሪያውን ውል እንደ አዲስ ተናገሩ፣ አዲሱን ጨመሩበት። ኡምሰልማ ገና ፋቲሓ ሳይቀራ ሪሀናን፣ ምን አሉ፣ ንገሪኝ አለቻት። ሪሀና አንድም ሳታስቀር ደገመችው። የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ቆም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ድስቶቹ መንገዱን ተሻገሩ። አርዶ ከደጅ ቆማ፣ ይኼን እዚህ፣ ያን እዚያ እያለች አዘዘች፤ ከዚያ ደመወዝተኛ መሆኗ ትዝ ሲላት ዝም አለች፤ ከዚያ ደግሞ አላስቻላትም።

ሰባት ሰዓት ላይ የምሳው ሰው እንደ ልማዱ ወደ ተከራየችው ክፍል ጎረፈ። በሩ ተዘግቷል። ኡምሰልማ መሐል መንገድ ላይ ቆማ በጭልፋ ወደ ማዶ ትጠቁም ነበር፤ ወደዚያ፣ ወደዚያ እያለች። ሁለት ዓመት ወዲህ የሳበችውን ሰው አሁን ወደዚያ ትመልሳለች። መሀድ የሚባለው የበርበራ ሾፌር አጠገቧ ደርሶ ቆመ። የተዘጋውን በር አየ፣ የተከፈተውን አየ፣ እሷን አየ።

«ምነው፣ አርዶ መልሳ ቀጠረችሽ እንዴ?» አለ።

ኡምሰልማ በጭልፋው የተከፈተውን በር አሳየችው።

«ግባ» አለችው። «ሩዙ ይቀዘቅዝብሃል።»